የቡኮም ልጆች፦ አንድ አገር፣ አንድ ሰፈር፣ አንድ ስፖርት

የቦክስ ንግግር አለ ሲባል መሐመድ አሊን ጠብቃችሁ የመጣችሁ ትኖሩ ይሆናል። ዛሬ እሱ የሚገባው በጎን በር ነው። የእኔ ጉዳይ አንድ ስፖርት በአንድ አገር ውስጥ ለምን በሁሉም ቦታ እኩል አይወደድም፣ እኩልስ ለምን ሻምፒዮን አያፈራም የሚለው ነው። ማሳያ እንድትሆነኝ የመረጥኋት ጋናን ነው። መጀመሪያ የጋና ቦክስ ለምን ከአንድ የአክራ ሰፈር ዙሪያ እንደማይርቅ እንመለከታለን። ቀጥሎ የሰፈር ደጋፊና የአገር ደጋፊ በምን እንደሚለያዩ እናያለን። በመጨረሻም ከዚያ ሰፈር ውጭ የበቀለ ቦክሰኛ ምን እንደሚገጥመው እንጠይቃለን። ዓመታቱን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጋና ለምን ለሚል አድማጭ መልሴን ሮም ላይ አገኘዋለሁ። የ1960ው የሮም ኦሎምፒክ ለእኛ የአበበ ቢቂላ ነው፤ መስከረም 10 ቀን ማታ በባዶ እግሩ የሮጠውን ማራቶን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ከዚያ አምስት ቀን ቀደም ብሎ ግን በዚያው ከተማ የቦክስ ፍጻሜዎች ተካሂደው ነበር። ካሲየስ ክሌይ የተባለ የ18 ዓመት አሜሪካዊ ወርቅ የወሰደው በዚያ ምሽት ነው (በጎን በር ይገባል ያልኋችሁ ይኸው ገባ)። በዚያው ምሽት የጋናው ክሌመንት ክዋርቴይ በፍጻሜው ለቼኮዝሎቫኪያው ኔሜቼክ ተሸንፎ ብር ወሰደ። ክዋርቴይ በኦሎምፒክ ሜዳሊያ ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ እየተባለ ይጠራል። እኛ የአበበን ወርቅ ስናከብር ጋናውያን የክዋርቴይን ብር ያስታውሳሉ። ሁለቱ በአንድ ሳምንት ውስጥ የተገኙ መሆናቸውን ግን እዚህም እዚያም የሚያነሣው ጥቂት ሰው ነው።

ጋና በኦሎምፒክ ታሪኳ ያገኘችው 5 ሜዳሊያ ብቻ ነው። አንዱ በ1992 ባርሴሎና ላይ በእግር ኳስ የተገኘ ነሐስ ሲሆን የቀሩት አራቱ የቦክስ ናቸው። ከክዋርቴይ በኋላ ኤዲ ብሌይ በ1964፣ ፕሪንስ አማርቴይ በ1972፣ ሳሙኤል ታክዪም በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሎምፒክ ነሐስ አመጡ። ሕዝቡ ግን ቀኑን ሙሉ የሚያወራው ስለ እግር ኳስ ነው። አገሪቱ የምትወደው አንዱን ሆኖ ሜዳሊያ የሚያመጣላት ሌላው መሆኑ በራሱ የሚገርም ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጉዳይ ልግባ። በአክራ የባሕር ዳርቻ፣ እንግሊዞችና ደቾች ከዘመናት በፊት በሠሯቸው ሁለት ምሽጎች መካከልና ዙሪያ ጋ ማሺ የሚባል የቆየ መንደር አለ። ጄምስታውንና አሸር ታውን የሚባሉት እዚያው ናቸው። የጋ ሕዝብ የአክራ ነባር ባለቤት ነው፤ ሥራውም ዓሣ ማጥመድ ነበር፤ ዛሬም የሚያጠምዱ አሉ። በዚህ መንደር ውስጥ ቤቱ ከቤት፣ ግቢው ከግቢ የተጣበቀ ቡኮም የሚባል ሰፈር ይገኛል። የጋናን የቦክስ ሻምፒዮኖች ዝርዝር ስታነቡ ስሞቹ ራሳቸው ወዴት እንደምትሄዱ ይነግሯችኋል፦ አንክራ፣ ኮቴይ፣ ክዋርቴይ፣ ክሎቴይ። በጋ ዘንድ እያንዳንዱ ቤተ ዘመድ የራሱ ስሞች አሉት፤ ልጁም በተወለደበት ተራ የሚደርሰውን ይወስዳል። ስለዚህ ጋናዊ አንባቢ የቦክሰኛውን ስም ሲያይ ከየትኛው ሕዝብ እንደመጣ ለመገመት አይቸገርም።

ሮይ አንክራ በ1951 በላባ ክብደት የእንግሊዝ ኢምፓየር ሻምፒዮን ሆነ። ያኔ አገሪቱ ገና ጎልድ ኮስት ነበረች፣ ነጻነቷም ስድስት ዓመት ይቀረው ነበር። ዲ ኬ ፖይዘን የሚባለው ዴቪድ ኮቴይ በ1975 ካሊፎርኒያ ላይ ሜክሲኳዊውን ሩበን ኦሊቫሬስን አሸንፎ የመጀመሪያው ጋናዊ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ኦሊቫሬስም ቢሆን ቦንዶሂቶ የሚባል የሜክሲኮ ሲቲ የድሃ ሰፈር ጣዖት ነበር፤ ስለዚህ ያን ምሽት የተጋጠሙት ሁለት አገሮች ብቻ አልነበሩም። ከዚያ አዙማ ኔልሰን መጣ። እሱን ተከትሎም የሮሙ ክዋርቴይ ታናሽ ወንድም፣ ከ27 ልጆች የመጨረሻው ነው የሚባለው አይክ ክዋርቴይ በ1994 ፓሪስ አጠገብ የዓለም ቀበቶ ወሰደ። ጆሹዋ ክሎቴይና ሪቻርድ ኮሚም ተከታተሉ። ይህን ሁሉ ያፈራው በእግር ሊዞሩት የሚቻል አካባቢ ነው።

ለምን? ቶሎ ወደ አፍ የሚመጣው መልስ ድህነት ነው፤ የተራበ ልጅ በቡጢው ይበላል ይባላል። ቡኮም ድሃ ሰፈር መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን በጋና ከሁሉ የደኸየው ክፍል ሰሜኑ ነው፤ ሰሜኑ ደግሞ ከቡኮም ጋር የሚወዳደር የቦክሰኛ ቁጥር አላፈራም። እዚያው አክራ ውስጥም ከቡኮም የማይሻሉ ብዙ ሰፈሮች አሉ። ድህነት አንድ ልጅ ቦክስ ከጀመረ ለምን እንደማይተወው ያስረዳ ይሆናል፤ ለምን ቦክስን እንደመረጠ ግን አይነግረንም። ሰሜን ላይ ያለው ድሃ ልጅ ሲነቃ የሚያየው የቦክስ ማሠልጠኛ አይደለም፤ እርሻና ወደ ደቡብ የሚሄድ አውቶቡስ ነው።

ሁለተኛው መልስ ደም ነው፦ ጋዎች በተፈጥሯቸው ተዋጊ ናቸው የሚለው። እውነት ነው፣ በ1826 ካታማንሶ ላይ ከእንግሊዝና ከሌሎች አጋሮች ጋር ሆነው የአሻንቲን ጦር መትተዋል። ግን የተመታው ማን ነበር? አሻንቲ! ያ ጦር ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ የእንግሊዙን ገዥ ቻርልስ ማካርቲን በጦር ሜዳ የገደለ፣ በምዕራብ አፍሪካ የተፈራ ኃይል ነው። የጦር ዝና ቦክሰኛ የሚያወጣ ቢሆን የአሻንቲ መዲና ኩማሲ ቡኮምን በቀደመችው ነበር። በደም ለሚያምን ሰው ደግሞ አዙማ ኔልሰን ራሱ ፈተና ነው። የአዙማ ቤተ ዘመድ ታቦም ከሚባሉት ወገን ነው። ታቦሞች በ1830ዎቹ ከብራዚል ወደ አክራ ተመልሰው ጋዎች መሬት የሰጧቸው፣ ከባርነት የወጡ ሰዎች ዘሮች ናቸው። ከጋ ሰፈር የወጣው ታላቁ ቦክሰኛ በአባቶቹ በኩል ከአትላንቲክ ማዶ የመጣ መሆኑን ሳስብ፣ የደሙ ክርክር በዚያው ያለቀለት ይመስለኛል።

እኔ የማምነው ሦስተኛውን መልስ ነው፤ እሱም ከሁለቱ ይልቅ ዝርዝር ይፈልጋል። ጋ ማሺ ከጥንት ጀምሮ በሰባት ክፍሎች የተከፈለ ነው፤ እያንዳንዱም የራሱ አለቃ፣ የራሱ የወጣቶች ጭፍራ ነበረው። እነዚህ ወጣቶች አሳፎ አትዌሌ በሚባለው ልማድ በሰፊው ሜዳና በባሕሩ ዳርቻ ወጥተው ክፍል ከክፍል፣ በባዶ እጅ በቡጢ ይጋጠሙ ነበር። ኢማኑኤል አቺምፖንግ የተባሉት ጋናዊ የታሪክ ምሁር ስለ ቡኮም በጻፉት ጥናት የዛሬውን ቦክስ ከዚህ ልማድ ጋር ያያይዙታል። ለእኔ ቁም ነገሩ ልማዱ ጠብ አለመሆኑ ነው። ሰው ጠላቱን ሊያጠፋ አይወጣም፤ ለክፍሉ ስም ይወጣል፣ ሰው እያየው ይመታል፣ ሰው እያየው ይወድቃል፣ በማግስቱ ከመታው ልጅ ጋር አንድ ጀልባ ይገፋል። ተመልካቹም ተመልካች ብቻ አልነበረም። አባቱ በዚያ ሜዳ የቆመ፣ ልጁም የሚቆም ሰው፣ ጥሩ ምት ከመጥፎው ለይቶ ያውቃል። ስለዚህ በቅኝ ግዛት ዘመን የቦክስ ጓንት በትምህርት ቤት፣ በሠራዊትና በፖሊስ በኩል ሲገባ ጋ ማሺ ውስጥ ያገኘው ዝግጁ ተጋጣሚን ብቻ አይደለም፤ ዝግጁ ተመልካችንም ጭምር ነው። ይህ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል።

በዚህ ላይ ወደቡን ጨምሩበት። አክራ በ1877 የቅኝ ግዛቱ ዋና ከተማ ስትሆን ትልልቅ መርከቦች ወደ ዳር መጠጋት አይችሉም ነበር። ዕቃውን ከመርከብ ወደ ምድር ማዕበሉን እየሰነጠቁ በጀልባ የሚያመጡት የባሕር ዳርቻው ቀዛፊዎች ነበሩ። ትከሻና ክንድ የሚፈልግ፣ ጉልበተኛ የሚከበርበት ሥራ ነው። በ1962 የቴማ ወደብ ሲከፈት የአክራው የጀልባ ወደብ ሥራ ቆመ። ክንዱ ቀረ፣ ሥራው ሄደ። ከቤት ወጥቶ በጥቂት ደቂቃ የሚደረስበት የቦክስ ማሠልጠኛ፣ አብዛኛውም ጣሪያ የሌለው ግቢ፣ ያን ክንድ ተቀበለው። ልጁ የአውቶቡስ ዋጋ አያስፈልገውም፤ አሠልጣኙ የአጎቱ ጓደኛ ነው፤ ቢቀር የሚፈልገው ሰው አለ። ሻምፒዮን የሚያወጣው ይህ ቅርበት ነው ብዬ አምናለሁ።

እኛም ከዚህ የሚቀራረብ ነገር እናውቃለን። ከአርሲዋ ከበቆጂ ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባ ሲወጡ ምክንያቱ የቦታው ከፍታ ነው እንላለን። ከፍታው ይረዳል። ነገር ግን ኢትዮጵያ ውስጥ በቆጂን የሚያህል ከፍታ ያላቸው ከተሞች ብዙ ናቸው፤ በማለዳ ተነሥቶ ልጆቹን የሚያሠለጥን መምህርና ቀድማ የሄደች የጎረቤት ልጅ ያላቸው ግን ጥቂት ናቸው።

አሁን ወደ ደጋፊው እንለፍ። ኩማሲ ላይ ስለ ስፖርት ብትጠይቁ የሚመልስላችሁ አሻንቲ ኮቶኮ ነው። ክለቡ በ1935 የተመሠረተ፣ የአሻንቲ ንጉሥ የበላይ ጠባቂው የሆነለት፣ የአንድ ሕዝብ መታወቂያ የሆነ የእግር ኳስ ክለብ ነው። ባላንጣው የአክራው ሃርትስ ኦፍ ኦክ ነው፤ እሱም በ1911 የተወለደው እዚያው ጋ ማሺ ውስጥ ነው። ጋዎች እግር ኳስ አይወዱም ያለ ሰው እንግዲህ ተሳስቷል። የእነዚህ የሁለቱ ፉክክር ምን ያህል የጋለ እንደሆነ በግንቦት 2001 በአክራ ስታዲየም ታይቷል። በጨዋታው ማብቂያ ላይ ደጋፊዎች ወንበር ሲወረውሩ ፖሊስ አስለቃሽ ጭስ ተኮሰ፣ በግፊያውም 126 ሰዎች ሞቱ።

የእግር ኳስ ክለብ ሰፊ ነው። ተጫዋቹ ይሄዳል፣ ይሸጣል፣ ክለቡ ይኖራል። ስለዚህ የኮቶኮ ደጋፊ ኩማሲን በዓይኑ ሳያይ በሰሜን ታማሌ ወይም ለንደን ተቀምጦ መደገፍ ይችላል። ቦክሰኛ ግን አንድ አካል ነው። ሠላሳዎቹን ሲያጋምስ ያበቃል፣ አንድ መጥፎ ምሽት ደግሞ ከዚያም በፊት ሊያስቆመው ይችላል። እንዲህ ያለውን ሰው በመላ አገር ደረጃ ለዓመታት መደገፍ ከባድ ነው፤ ለሰፈር ግን ቀላል ነው፣ ምክንያቱም ሰፈሩ የሚደግፈው ሻምፒዮኑን ብቻ ሳይሆን እናቱን የሚያውቃትን ልጅ ነው። ብራይማ ካሞኮ የተባለው ቦክሰኛ ለመድረክ ስሙ ቡኮም ባንኩ የሚለውን መምረጡ ለዚህ ነው፤ ግማሹ የሰፈሩ ስም፣ ግማሹ ከበቆሎና ከካሳቫ ሊጥ የሚሠራው የሰፈሩ ምግብ። በ2017 ባስቲ ሳሚር በዝረራ ሲያሸንፈው ግጥሚያው የተካሄደው እዚያው ቡኮም በተሠራው የቦክስ አዳራሽ ውስጥ ነበር። ቡኮም ባንኩ ተሸንፎም ዝናው አልጠፋም። አንድ ብሔራዊ ቡድን በሜዳው እንዲያ ቢወድቅ ጋዜጦቹ ምን እንደሚሉት መገመት አያዳግትም።

የአገር ድጋፍ ሌላ ጠባይ አለው፤ የሚመጣው በድል ምሽት ነው። በ1982 አዙማ ኔልሰን በኒው ዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን የታላቁን የሳልቫዶር ሳንቼስን ቀበቶ ሊፎካከር ሲገባ፣ የቀረ ተጋጣሚ ተክቶ የመጣ፣ ጥቂት ሰው ብቻ የሚያውቀው ልጅ ነበር። በ15ኛው ዙር ተሸነፈ፤ ግን እስከዚያ ዙር የቆመበት አኳኋን ስሙን አስጠራው። በ1984 ታኅሣሥ ወር ፖርቶ ሪኮ ድረስ ሄዶ ዊልፍሬዶ ጎሜስን በገዛ ከተማው በ11ኛው ዙር ሲዘርረው ግን የቡኮም ብቻ መሆኑ አበቃ። አሻንቲውም፣ ኢዌውም፣ ሰሜኑም የእኛ ነው አለ። በ2004 በዓለም አቀፉ የቦክስ የክብር መዝገብ ስሙ ሲሰፍር የመጀመሪያው ጋናዊ ነበር።

ይህ የአገር ፍቅር ከልብ አልነበረም አልልም። ግን ሒሳቡን መመልከት ያስፈልጋል፤ እዚህ ላይ የዲ ኬ ፖይዘን ታሪክ ከሁሉ ይበልጣል። በ1976 ጋና በጄኔራል አቺምፖንግ ወታደራዊ መንግሥት ሥር ነበረች፣ የውጭ ምንዛሪ ጠፍቶ ገበያው ባዶ ሆኗል። ኮቴይ ራሱ ለጋዜጠኞች ደጋግሞ እንደተናገረው፣ መንግሥት ከግጥሚያ ክፍያው 45,000 ዶላር ተበድሮ ከጃፓን ዓሣ ገዛበት። ልብ በሉ፦ የዓሣ አጥማጆች ሰፈር ልጅ በቡጢው ያገኘውን ገንዘብ መንግሥት ከሌላ አገር ዓሣ ሊያስመጣበት ወሰደው። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ አክራ ውስጥ በገዛ ሕዝቡ ፊት በአሜሪካዊው ዳኒ ሎፔስ በነጥብ ተሸንፎ ቀበቶውን አጣ። ከዚያ በኋላ ገንዘቡን ለማስመለስ ለአሥርት ዓመታት ደጅ ጠንቷል። አገር ሻምፒዮኑን ወደደችው፤ ለተሸነፈው ግን ዕዳዋን ለመክፈል አልቸኮለችም። ሰፈሩ ምንም አልተበደረውም፣ ምንም የሚከፍለውም አልነበረውም፤ ሰላምታውን ግን አልነፈገውም።

ወደ መጨረሻው ጥያቄ ደርሰናል፤ ከጋ ሰፈር ውጭ የሚነሣ ቦክሰኛስ? አሉ፣ ቁጥራቸው ግን አነስተኛ ነው። ናና ያው ኮናዱ የሱንያኒ ልጅ ነው፤ ሱንያኒ ከባሕሩ ርቆ በደኑና በኮኮዋው አገር ያለ ከተማ ነው። በ1989 ሜክሲኳዊውን ሂልቤርቶ ሮማንን አሸንፎ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፣ በኋላም በሌላ የክብደት ምድብ ደገመው። በእጁ ችሎታ የሚጠረጥር የለም። ሆኖም የጋና ቦክስ ታሪክ ሲተረክ የእሱ ስም ከአዙማና ከአይክ በኋላ፣ አንዳንዴም ጭራሽ ሳይነሣ ይቀራል። ከጀርባው በየምሽቱ ስሙን የሚያነሣ የቦክስ ሰፈር አልነበረውም።

የአይዛክ ዶግቦ ነገር ለየት ይላል። አክራ ተወልዶ ለንደን ያደገ፣ ሥሩ ግን በምሥራቅ በቮልታ፣ በኢዌ ሕዝብ ዘንድ የሆነ ልጅ ነው፤ አሠልጣኙም አባቱ ነበር። በሚያዝያ 2018 ፊላደልፊያ ላይ ጄሲ ማግዳሌኖን በ11ኛው ዙር ሲያሸንፍ፣ ኔሆ እያለ የሚጮኸው ጩኸት ወዲያው የደጋፊዎቹ ሆነ። በቦክስ ስሙ ብዙም ተነሥቶ የማያውቀው የቮልታ ክልል የራሱ ሻምፒዮን አገኘ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ግን ሜክሲኳዊው ኢማኑኤል ናቫሬቴ ቀበቶውን ወሰደበት። በእነዚያ ጥቂት ወራት የታየው ግን ክልላዊ የቦክስ ፍቅር ዝም ብሎ የተኛ እንጂ የሌለ ነገር አለመሆኑ ነው። የሚያነቃው አንድ የራስ የሚሉት ሰው ነው፤ ነቅቶ እንዲቆይ ደግሞ ማሠልጠኛ፣ አሠልጣኝና ከሥር ከሥር የሚመጡ ልጆች ይፈልጋል። ቮልታ የመጀመሪያውን አገኘች፣ ሁለተኛውን አላገኘችም።

በ2016 መንግሥት ቡኮም ውስጥ አራት ሺህ ሰው ያህል የሚይዝ የቦክስ አዳራሽ ከፈተ። ሁሉንም ለአንድ ሰፈር መስጠት ፍትሕ አይደለም የሚል ሰው ቅሬታው ይገባኛል። ቢሆንም አዳራሹ ሌላ ቦታ ቢሠራ ባዶውን ይቀመጥ ነበር ብዬ እገምታለሁ፣ ምክንያቱም አዳራሽ ተመልካች አይወልድም። ለኩማሲ፣ ለሱንያኒ፣ ለቮልታ የሚያስፈልጋቸው ትልቅ ሕንፃ ሳይሆን ደመወዝ የሚከፈለው አሠልጣኝና በየጊዜው የሚካሄድ የወጣቶች ውድድር ነው። እሱ ደግሞ ሪባን የሚቆረጥበት ነገር ስላልሆነ ባለሥልጣን አይወደውም።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ቡኮም ራሱ ነው። በ2020 ጄምስታውን ባሕሩ ዳር የነበረው የዓሣ አጥማጆች መንደር ለአዲስ የዓሣ ወደብ ግንባታ ሲባል ፈርሷል። ወደቡ ያስፈልጋል፤ ሥራም ያመጣ ይሆናል። ግን መሬቱ እየተወደደ፣ ነዋሪው ወደ ከተማው ዳርቻ እየተገፋ ከሄደ ልጁ ከማሠልጠኛው ሁለት ታክሲ ይርቃል፤ ሁለት ታክሲ የሚከፍል ቤተሰብ ደግሞ ቡኮም ውስጥ ብዙ የለም። የጋናን ቦክስ የወደፊት ዕጣ ለማወቅ የምትፈልጉ ከሆነ፣ የዓለም ደረጃ ሰንጠረዡን ትታችሁ የጄምስታውንን የቤት ኪራይ ተከታተሉ። አሁን ጥያቄያችሁን ልስማ።